የአንድ ደቂቃ ዕረፍት

ጋሽ ሰላሙ ሞተው እንኳ አልተጋደሙም። ቀበና ወንዝ አፋፍ ላይ ባለችው የቆርቆሮ ጂም ውስጥ፣ በሪንጉ ሰማያዊ ማዕዘን፣ ቦክሰኛ በራውንድ መካከል አረፍ በሚልባት አጭር ወንበር ላይ ጀርባቸውን ለምሰሶው ሰጥተው ተቀምጠው ነበር። ፊታቸው ፊት አይመስልም። ቀኝ ጉንጫቸው አብጦ ዓይናቸውን ውጦታል፤ አፍንጫቸው ከቦታው ሄዷል፤ የታችኛው ከንፈራቸው ለሁለት ተተርትሮ ደሙ ነጩን ሸሚዝ እስከ እምብርታቸው አጨቅይቶታል። ከወንበሩ አጠገብ በተዘረጋ ንጹሕ ፎጣ ላይ አንድ የፊት ጥርስ ተቀምጧል። ይህን ያደረገ ሰው መጀመሪያ ሽማግሌውን ቀጠቀጠ፤ ከዚያ ጎንበስ ብሎ ጥርሳቸውን ለቀመና ፎጣ ላይ አኖረላቸው። እስቲ ይህ ምን ይባላል?

ዕለቱ ዐርብ ነበር። በማግስቱ ቅዳሜ፣ ከስምንት አገር የተሰባሰቡ ስምንት ቦክሰኞች ወራት ሙሉ ሲቀጣቀጡበት የከረሙት የጥሎ ማለፍ ውድድር ፍጻሜ ነው። የተሸነፈ ሻንጣውን ይዞ ወደ አገሩ፣ ያሸነፈ ወደሚቀጥለው ድብደባ፤ ሕጉ ይኸው ነው። ለፍጻሜ የቀሩት አንድ ጋናዊና የጋሽ ሰላሙ ተማሪ ፍሮምሳ ቱሉ፣ የኮተቤው ልጅ፣ ነበሩ። ፍሮምሳ በግማሽ ፍጻሜው ከካዛኪስታኑ ቦክሰኛ ጋር ሲገናኝ ያየ ሰው መቼም አይረሳውም። ካዛኩ ስድስት ራውንድ ሙሉ ግራ ፊቱን ወቀረው፤ ቅንድቡን ገነጠለው። በሰባተኛው ፍሮምሳ አንድ ሆዱ ላይ አንድ አገጩ ላይ አቀመሰውና በዝረራ ጣለው። የሰውየው ራስ ቅል ወለሉን ሲመታ ድምፁ እስከ ኋላ ወንበር ተሰምቷል፤ ሕዝቡ ግን ያኔ እየዘፈነ ነበር።

የየካ ክፍለ ከተማዋ መርማሪ ኢንስፔክተር ለተጊዮርጊስ ይህን ሁሉ አላየችም። ቦክስ አትወድም። ሁለት ሰው ልብሱን አውልቆ ሲደባደብ ለማየት ሌላው ትኬት ይገዛል ሲሏት ይገርማታል፤ እሷ በሥራዋ በነጻ ነው የምታየው። አጭር፣ ዝግ ብላ የምትናገር፣ ሰው ሲያወራላት አፉን ትታ እጁን የምታይ ሴት ናት። ወንጀለኞች ይህን አመሏን ስለማያውቁ አፋቸውን ብቻ አሰልጥነው ይመጣሉ።

«ገዳዩ ተይዟል ማለት ይቻላል» አላት ሳጅን ጅሬኛ። ለጅሬኛ ቦክስ ነፍሱ ነው፤ ፍሮምሳንም ይወደው ነበር፤ ስለዚህ የሚናገረው ከፍቶት ነበር።

የነገራት ይህን ነው። ትናንት አመሻሹ ላይ ፍሮምሳና ጋሽ ሰላሙ ሰፈር እስኪሰማቸው ተጣልተዋል። ሽማግሌው «ሬሳዬን ተራምደህ ካልሆነ ሪንግ አትገባም» ብለው ሲጮሁ፣ ልጁ «እራመደዋለሁ» ብሎ መልሷል። ዛሬ ጠዋት ሬሳቸው ሪንግ ውስጥ ተገኘ። የፍሮምሳ የሁለቱም እጁ የጣት አንጓዎች ተልጠዋል፤ «ተናድጄ ግድግዳ መትቼ ነው» ከማለት በቀር ሌላ ቃል የለውም። ይባስ ብሎ፣ የሰጠውን ቃል አንብቦ ፈርም ቢሉት ወረቀቱን አንዴ አቅርቦ አንዴ አርቆ ሲያይ ቆየና፣ ሳያነብ መለሰላቸው።

«ወንበሩ ላይ ያስቀመጣቸውስ ምን ሊሆን?»

«ሲያላግጥባቸው ነዋ፣ ኢንስፔክተር። "በል አሁን አንተ ዕረፍ" ማለቱ ነው።»

ለተጊዮርጊስ ወደ ሬሳው ጠጋ ብላ ጎንበስ አለች። የሽማግሌው ቀበቶ ተፈትቷል፤ የሱሪያቸው ወገብ ወደ ፊት ተስቦ ላልቷል። ኪሳቸው ግን አልተነካም፤ ሞባይላቸውም ቦርሳቸውም እዚያው ነው። ማጅራታቸው ርሷል፤ ከእግራቸው ሥር ባለው ባልዲ ውስጥ የተጨመቀ ስፖንጅ ተንሳፏል፤ ውኃው ቀልቷል። ከሁሉ ይልቅ ዓይኗን የያዘው ግን ቅንድባቸው ነበር። ቅንድቡ እስከ አጥንት ተሰንጥቋል። ሌላው ቁስል ሁሉ በደም ተጨማልቆ ሳለ ይህ አንዱ ብቻ ንጹሕ ነው። የስንጥቁ ሁለት ከንፈሮች ተገጣጥመው ተዘግተዋል፤ ላዩ በቫዝሊን ያብለጨልጫል፤ ጠርዙ ላይ የጥጥ ክር ተጣብቆ ቀርቷል።

ሬሳውን ያየው ሐኪም ደግሞ ሽማግሌው ወዲያው እንዳልሞቱ ነገራት። ጎድናቸው ተሰብሮ ውስጥ ውስጡን ደምተዋል፤ ነፍሳቸው የወጣችው ትንሽ ቆይታ ነው። የተመቱትም በባዶ እጅ ነው፤ ጓንት ቢሆን ቆዳውን እንዲህ አይቀደውም።

«በባዶ እጅ» አለች ለራሷ፣ የጅሬኛን ፊት ሳታይ።

ሬሳውን ያገኘው ሚልኬሳ ነበር። ሚልኬሳ በዚያው ጂም የሚሠለጥን፣ በክብደት ከፍሮምሳ ጋር እኩል የሆነ የውድድሩ ተጠባባቂ ነው፤ ፍሮምሳ ከቀረ ቦታው የእሱ ነው። ወራት ሙሉ ለፍሮምሳ መለማመጃ ሆኖ ሲቀጠቀጥ የከረመ ሰው በመሆኑ አንጀቱ ማረሩን አልደበቀም። ጠዋት ወደ እንጦጦ ፓርክ ብቻውን ሮጦ ሲመለስ ሽማግሌውን እንዲህ ሆነው እንዳገኛቸው ነገራት። ያየው ሰው አለ ወይ ብላ ጠየቀችው፤ ጭጋግ ስለነበር የገዛ እግሬንም አላየሁም አላት።

«ጋሽ ሰላሙ አይወዱኝም ነበር» አላት። «ለፍሮምሳ ነበር የሚኖሩት። እሱ ደግሞ በላቸው።»

ይህን ሲል ፖሊሶች ፍሮምሳን ሬሳው ወደተነሣበት ጂም ይዘውት ገቡ። ሚልኬሳ ሊያወራ የጀመረውን ተወና በፖሊሶቹ መካከል ሰንጥቆ በግራ በኩል ደረሰበት። ቀኝ እጁን ከታች አምጥቶ መንጋጋው ላይ አሳረፈበት፤ ያ ሳይበቃው በግራ ጎድኑን ደገመው። ፍሮምሳ በገመዱ ላይ ተገልብጦ ወደቀ፤ ከንፈሩ ተተረተረ። ሚልኬሳ ከላዩ ወጥቶ ሲወግረው ሦስት ፖሊስ ተረባርቦ ነው የነቀለው። በመጨረሻም ሲጎትቱት በጫማው ትከሻውን ረገጠው።

ለተጊዮርጊስ ከቆመችበት አልተንቀሳቀሰችም። ሁለት ነገር ግን አየች። አንደኛው፣ ቡጢው ሲመጣ ፍሮምሳ አልሸሸም፣ እጁን አላነሣም፣ ዓይኑንም አልጨፈነም። ሁለተኛው፣ ሚልኬሳ በባዶ እጁ ያን ያህል ሰንዝሮ እጁን እንኳ አላራገፈም፤ የጣቶቹ አንጓዎች ጤነኞች ነበሩ።

የፍሮምሳን ከንፈር ለማከም ፊሊጶስ ሮጦ መጣ። ፊሊጶስ ጸጉሩ ሳይሸብት ጀምሮ በጋሽ ሰላሙ ማዕዘን የሚቆም፣ በራውንድ መካከል የተፈነከተውን የሚዘጋ ሰው ነው። ቀድሞ እሱም ይቧቀስ ነበር፤ የተደፈጠጠ አፍንጫው ይመሰክራል። ወገቡ ላይ መድኃኒትና ጥጥ የያዘች ቦርሳ ታጥቋል፤ እጆቹ ላይ ሰማያዊ የሐኪም ጓንት አለ። ሠፈሩ ያለዚያ ጓንት አይቶት አያውቅም፤ ልጆቹ «ሰማያዊው» ነው የሚሉት። ጥጡን ከንፈሩ ላይ ይዞ እንባው በጉንጩ እየወረደ ሥራውን ሠራ።

«ልጁ ንጹሕ ነው» አላት ሳይዞር። «ከንጋት ጀምሮ ከእኔ ጋር ነበር። እንጦጦ ላይ፣ ባሕር ዛፉ መሐል፣ የእግር ሥራ እያሠራሁት ነበር። ስንመለስ ነው ይህን ጉድ ያየነው።»

«እውነት ነው?» አለችው ፍሮምሳን።

ፍሮምሳ ኮፍያውን ወደ ዓይኑ ሳብ አደረገና ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። ጅሬኛ በኢንስፔክተሯ ጆሮ፣ ሰውየው ልጁን እንደ ልጁ ስለሚያየው እየሸፈነለት እንደሆነ ሹክ አላት። ለተጊዮርጊስ የፍሮምሳን ጫማ አየች። ነጭ ነበር፤ ትናንት የተገዛ ይመስል ንጹሕ።

ከዚያ የውድድሩ አዘጋጅ አቶ ወርቅአየሁ መጡ። ሰውየው ወፍራም ናቸው፤ በቀኝ እጃቸው የጣት ሥጋ የዋጠው ትልቅ የወርቅ ቀለበት አለ። ነፍስ ይማር ለማለት ያህል አሉና ስለ ስፖንሰር፣ ስለ ሚዲያ፣ ከሰዓት በኋላ ስለሚደረገው የክብደት ሚዛን አወሩ። የአገሩ ልጅ የሌለበት ፍጻሜ ለቅሶ ቤት ነው፤ አዳራሹ ባዶ ይሆናል። ለተጊዮርጊስ ታግሣ ሰማቻቸውና ከጋሽ ሰላሙ ጋር መቼ እንደተነጋገሩ ጠየቀቻቸው።

«ትናንት ማታ ደውለውልኝ ነበር። ጠዋት ቢሮ መጥቼ የምነግርህ ነገር አለ አሉኝ። አልመጡም።»

ለዚህ ነበር እንግዲህ ሽማግሌው ቱታቸውን ትተው ነጭ ሸሚዝ የለበሱት። ሊሄዱ ሲሉ ነው የደረሰባቸው።

ፍሮምሳን ብቻውን ወደ ግቢው አወጣችው። ፀሐይዋ ጭጋጉን ገፍታ ቆርቆሮውን መምታት ጀምራ ነበር። ልጁ ግንባሩን ቋጥሮ እጁን ዓይኑ ላይ ጋረደ። ለተጊዮርጊስ ኮፍያውን ራሷ አንሥታ አወለቀችለት።

«እየኝ» አለችው።

አያት። በዚያ ሁሉ ብርሃን የዓይኖቹ ብሌን ሰፍቶ፣ ጥቁሩ ቡናማውን ጨርሶ ውጦታል።

«ወረቀቱን ያላነበብከው እንቢ ብለህ አይደለም፤ አልታይህ ብሎህ ነው። ዛሬ ጠዋት ዓይን ሐኪም ዘንድ ነበርክ። ብሌን የሚያሰፋውን ጠብታ አድርገውልህ፣ እስኪሠራ ዓይንህን ጨፍነህ ተቀምጠህ ነበር። እንጦጦ ጭቃ ነው፤ ጫማህን እይ። ሚልኬሳ በግራህ ሲመጣብህ ደግሞ አላየኸውም።»

ፍሮምሳ ግድግዳውን ተደግፎ ቀስ ብሎ ቁጢጥ አለ። ከካዛኩ ጋር ከተገናኘ ወዲህ በግራ ዓይኑ ፊት መጋረጃ እንደወረደ ነገራት። የዓይን ምርመራ ወረቀቱ ከውድድሩ በፊት የተሰጠ ስለሆነ ማንም ደግሞ አልጠየቀውም። ያወቁት ጋሽ ሰላሙና ፊሊጶስ ብቻ ናቸው። የትናንቱ ጠብም በዚሁ ነው። ሽማግሌውን ለማሳፈር ብሎ፣ ደህና ነህ ይሉኛል ብሎ ነበር ጠዋት ሐኪም ዘንድ የሄደው። ሐኪሙ ግን የዓይኑ ውስጠኛ ሽፋን ተላቋል፤ አንዲት ቡጢ ብትደገም ግራው ጨርሶ ይጠፋል አለው።

«የክሊኒኩን ስም ንገረኝና ዛሬውኑ ቤትህ ትገባለህ።»

«ነገስ?»

«ነገማ ሪንግ አትገባም። እኔ የውድድር ሐኪም አይደለሁም፤ ግን ከተናገርኩ ሁሉም ይሰማል።»

«እንዲያ ከሆነ እሰሩኝ» አለ ፍሮምሳ። «ቅዳሜን ተቧቅሼ እሑድ እሰሩኝ። እኔ ሌላ ምን አለኝ? አባቴ በሬ ጠምዶ ሲያርስበት የነበረው መሬት ላይ ዛሬ ኮንዶሚኒየም ቆሞ እያየሁ ያደግሁ ልጅ ነኝ። ስሜ ያለው ነገ ላይ ብቻ ነው። እባክዎ፣ እማማ።»

አልዋሽልህም፣ አለችው፤ ግን ካልተገደድኩ አልናገርም። ከዚያ በላይ ቃል መግባት አልቻለችም።

ወደ ውስጥ ተመልሳ ጅሬኛን፣ የግማሽ ፍጻሜውን ቪዲዮ በስልክህ አሳየኝ አለችው። ሳጅኑ ደስ ብሎት ዝረራውን ሊያሳያት ሲሞክር አስቆመችው። ቡጢውን አልፈለገችም። የፈለገችው በራውንድ መካከል ያለችውን የአንድ ደቂቃ ዕረፍት ነው። ደጋግማ አየቻት፤ ከዚያ ስልኩን መለሰችና ሁሉንም ሪንጉ አጠገብ ሰብስብልኝ አለችው።

ሰዓቱ ከሰዓት በኋላ ሆኖ ነበር። አቶ ወርቅአየሁ መኪናቸውን ሳያጠፉ ነው የገቡት፤ ሚዛኑ ሊያልፍ ነው። ሚልኬሳ እጁን አጣምሮ ከአሸዋ ከረጢቱ ጎን ቆመ። ፍሮምሳ ከሁለት ፖሊስ መካከል፣ ፊሊጶስ ደግሞ ከእሱ አጠገብ። ለተጊዮርጊስ በባዶዋ ወንበር አጠገብ ቆመች።

«ጅሬኛ፣ ገዳዩ ያላገጠባቸው መስሎህ ነበር» ብላ ጀመረች። «አላላገጠም። ቀበቶ የተፈታው፣ የሱሪው ወገብ የተሳበው ሆዳቸው አየር እንዲያገኝ ነው። ማጅራታቸው የራሰው እንዲነቁ ነው። ከአፋቸው የወጣው ፎጣ ላይ የተቀመጠው፣ ቦክሰኛው የሚነክሰው ላስቲክ ሲወጣ ፎጣ ላይ ስለሚቀመጥ ነው። ቅንድባቸው ተጭኖ፣ መድኃኒት ተደርጎበት፣ በቫዝሊን ተዘግቷል። ሁሉም በዕረፍቷ ደቂቃ የሚደረግ ነው፤ በቪዲዮው ላይ አንድ በአንድ አይቼዋለሁ። ገዳዩ ጋሽ ሰላሙን ቀጠቀጠና፣ ደሙን ሲያይ እጁ የለመደውን ሥራ ሠራ። ሊያድናቸው ሞከረ።»

የአቶ ወርቅአየሁ ስልክ ጠራ፤ አጠፉት።

«ሽማግሌው በባዶ እጅ ነው የተመቱት። ጥርስ ነቅሎ የወጣ እጅ ደግሞ ሳይቀደድ አይወጣም። ሚልኬሳ ምክንያት አለው፤ ማንም ያየው የለም። ግን ዛሬ በፊታችን ፍሮምሳን በሁለቱም እጁ መታው፤ ምንም አላመመውም፤ የጣቱ አንጓም ጤነኛ ነው። አቶ ወርቅአየሁ የጋሽ ሰላሙን መምጣት የሚፈሩበት ምክንያት ይኖራቸው ይሆናል። ግን ያ ቀለበት ከጣታቸው አይወጣም፤ በሬሳው ላይ የቀለበት ምልክት የለም። ቁስል መዝጋትስ የት ያውቃሉ?»

«እኔ ደም ሳይ ራሴን ነው የምስተው» አሉ ሰውየው።

«የቀሩት ሁለት ናቸው። የፍሮምሳ እጅ ተልጧል። ጋሽ ፊሊጶስ፣ የእርስዎን እጅ ግን ያየ ሰው የለም። ሁልጊዜ ጓንት ስለሚያደርጉ ማንም አልጠየቀዎትም። እኔ ግን ገረመኝ፤ ጠዋት ከእንጦጦ ሩጫ የተመለሰ ሰው ማንን ሊያክም ነው ጓንት ያጠለቀው? እስቲ ያውልቁልኝ።»

ፊሊጶስ አንዱን ጓንት በዝግታ፣ ጣት በጣት አወለቀ። የመሐል ጣቱ አንጓ ለሁለት ተከፍሎ ነበር፤ ዙሪያው ጠቁሮ አብጧል። ሌላውን ሲያወልቅ ፊቱ አልተለወጠም።

«ከረጢት መትቼ ነው» አለ። «እሱም ግድግዳ መትቷል። ሁለታችንም እንጦጦ ላይ ነበርን።»

«እሱ እዚያ አልነበረም። ጅሬኛ ዋሽተው ልጁን እንደሸፈኑለት ገብቶታል። ውሸት መሆኑን በደንብ አየ፤ ለማን እንደተዋሸ ነው ያልታየው። እሱ ከእርስዎ ጋር ከሆነ እርስዎም ከእሱ ጋር ነዎት። ልጁ ደግሞ የነበረበትን ቦታ መናገር ስላልፈለገ ዝም አለልዎት። የት እንደነበረ አውቃለሁ። ከተናገርኩ ልጁ ነጻ ይወጣል፤ ነገ ግን ሪንግ አይገባም። ለምን እንደማይገባ እርስዎ ያውቃሉ። እርስዎ እውነቱን ቢናገሩ ግን እኔ መናገር አያስፈልገኝም። ምርጫው የእርስዎ ነው።»

ፊሊጶስ ፍሮምሳን አየው። ልጁ ከንፈሩን ነክሶ ወለሉን ያያል። ሰውየው ገመዱን ይዞ፣ እንደደከመው ሰው ሪንጉ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ።

«እኔ ነኝ» አለ። «ፍሮምሳ አልነበረም፤ ምንም አያውቅም። ጠዋት ስገባ ለብሰው አገኘኋቸው። ከውድድሩ ላስወጣው ነው አሉኝ። ለምን እንደሆነ አልናገርም፤ የእኔና የእሳቸው ነው። ለመንኳቸው። ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ደም ስጠርግ፣ የተሸናፊ ባልዲ ስሸከም ኖርኩ፤ አንድ ፍጻሜ፣ አንድ ቀን እንኳ አይገባኝም? እግራቸው ላይ ወደቅሁ። ረግጠውኝ አለፉ። በሩ ላይ ሲደርሱ ያዝኳቸው፤ መቱኝ፤ ያኔ አላውቅም፣ እጄ አልቆም አለ። ሆዳቸውን፣ ጎናቸውን፣ ፊታቸውን። ሲወድቁም አልተውኳቸውም። ቅንድባቸው ሲከፈት ነው የነቃሁት።»

የተቀደደ እጁን አገላብጦ አየው።

«አንሥቼ ወንበሩ ላይ አስቀመጥኳቸው። ቅንድባቸውን ዘጋሁ። ይነቃሉ ብዬ ነበር። ዓይናቸውን ገለጡና "ፊሊጶስ፣ ስንተኛው ራውንድ ነው?" አሉኝ። "አልቋል ጋሽዬ፣ አሸንፈናል" አልኳቸው። ያንን ሰምተው ነው የሄዱት።»

ሚልኬሳ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ጅሬኛ ካቴናውን ይዞ ሲጠጋ ፊሊጶስ ራሱ ሁለት እጁን ዘረጋለት፤ የዘረጋውም ፈገግ ለማለት እየሞከረ ነበር። ለፍሮምሳ፣ ሂድ ሚዛንህን ውጣ፣ ነገ ግራህን ሸፍነህ አጥቃ፣ ቶሎ ጨርሰው አለው። አቶ ወርቅአየሁም ነፍሳቸው መለስ አለች። ነገሩ እንዲህ ከተጣራ ልጁ ነጻ ነው አይደል ብለው ኢንስፔክተሯን ጠየቁ፤ ነጻ ነው አለቻቸው። ፖሊሶቹ ከፍሮምሳ ጎን ገለል አሉ።

ለተጊዮርጊስ ምላሷ ላይ የነበረውን ቃል ዋጠችው። ቃሏን ጠብቃለች፤ ግን ይህ ልጅ ነገ ምሽት በሕዝብ ፊት ሲታወር ትኬት ከቆረጡት ሁሉ ይልቅ የምታውቀው እሷ ናት። ልትናገር አፏን ከፈተች።

«ፍሮምሳ፣ መኪናው ቆሟል፤ እንሂድ እንጂ» አሉ አቶ ወርቅአየሁ።

ፍሮምሳ አልተንቀሳቀሰም። ወንበሯን እያየ ነበር፤ ለማየትም ጭንቅላቱን ሙሉ ወደ ግራ ማዞር ነበረበት።

«ጋሽ ወርቅአየሁ» አለ፣ «እኔ በግራ ዓይኔ አላይም። ጠዋት ዓይን ሐኪም ዘንድ ነበርኩ። ጋሽ ሰላሙ ሊነግሩዎት የነበረው ይህን ነው። ሚልኬሳን ይውሰዱት።»

አዘጋጁ እጃቸውን ጭንቅላታቸው ላይ ጫኑ። ፊሊጶስ ግን በሩ ላይ ደርሶ ነበር፤ የሰማው ጀርባውን ሰጥቶ ነው። ዞሮ ፍሮምሳን አየው፣ እጁን ከካቴናው ጋር አንሥቶ አወረደው።

«ታዲያ እኔ ለምን…» አለ።

«እሳቸው ነግረውዎት ነበር» አለው ፍሮምሳ።

ጅሬኛ ሰውየውን ይዞት ወጣ። ሚልኬሳ ማንንም ሳያይ ቦርሳውን አነሣ፤ በሩ ላይ ሲደርስ ግን ተመልሶ መጣና፣ ጠዋት የተረተረውን ከንፈር እያየ በቀኝ በኩል ቆሞ እጁን ለፍሮምሳ ዘረጋለት።